በሾላው ማቆሚያ ማን ይቅደም?

«ወላሂ አልቀድምዎትም!»

«በማርያም ይቅደሙ! አፈር ስሆን!»

«ኧረ ምን ሲደረግ! አንቱ ቆመው እኔ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እርስዎን ጥዬ ብገባ እኔንስ ልጆቼ ምን ይሉኛል?»

ሼህ አወል አንድ እግራቸውን የባቡሩ መወጣጫ ላይ አሳርፈው፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ይሟገታሉ። ጋሽ ወልዴ መሬት ላይ ቆመው በሁለት እጃቸው የወዳጃቸውን ጀርባ ይገፋሉ። ከኋላቸው የቀይ ሽንኩርት ጆንያ የተሸከሙ ሴቶች፣ ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ተሰልፈዋል። አንድም ሰው «ቶሎ በሉ» አላለም። ሁለት ሽማግሌ ሲከባበር «ቶሎ በሉ» የሚል ሰው ይፋት ቆላ ውስጥ ገና አልተወለደም።

እኔ የፉርጎው በር ጠባቂ ግን ሰዓት ይቆጠርብኝ ነበር። ባቡሩ ሾላው ላይ እንዲቆም የተፈቀደለት ሁለት ደቂቃ ሲሆን አራተኛው ሊያልቅ ነው። ሼህ አወል በመጨረሻ ፈገግ ብለው ሁለተኛ እግራቸውን ሲያነሡ አየሁ። ጋሽ ወልዴም የበሩን ብረት ጨበጡ። የሁለቱም ፊት «ገባን» ይላል። አረንጓዴ ባንዲራዬን ከፍ አደረግሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ከመናገሬ በፊት እዚያ በር ላይ እንዴት እንደደረስኩ ልናገር።

ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ «ጡረተኛ ነኝ» እላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነውና ይስቃሉ። እኔ ግን እውነቴን ነው። የነበረኝ ሥራ ዛሬ የለም፤ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው የማያስፈልጋቸው ፉርጎዎች መጥተዋል። አሁን ሸዋ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ለባጃጆች የኋላ መስታወት ጥቅስ እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ከለቅሶ ቤት፣ ከሠርግ፣ ከመንዙማ እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም፤ ባቡሩ ላይ የቆየሁትም ሥራው ራሱ ስለሚሄድ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሐዲድ ዳር ሣር አጫጅ ሆኜ ነው። ደመወዙ ለጫማና ለደብተር ይበቃ ነበር፤ ሌላ ስለ ደመወዝ የምለው የለኝም። ከዚያ የባጃጅ መሻገሪያ ላይ ሰንሰለት የምዘረጋ ጠባቂ ሆንኩ። የባጃጅ ሾፌሮቹ «ሲሳይ፣ ባቡርህ የት አለ? እናትህ ልካ ታስመጣልህ!» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ሰንሰለቱን ግን አንድም ቀን አልዘለሉም። ባቡሩ ሲደርስ ሁሉም ዝም ይላልና። መጀመሪያ ሐዲዱ ላይ ያለው አየር በሙቀት እንደሚፈላ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከሥሩ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። ነጥቡ መሬት ሳይነካ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ከዚያ ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በእግር ይመጣል። እጄ ላይ ያለው ፀጉር የቆመበትን የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ስንት መቶ ጊዜ አየሁት መሰላችሁ። ፀጉሬ አሁንም ይቆማል።

ባቡሩ ትልቅ አልነበረም። መስመሩ ኤሌክትሪክ ስላልገባለት በናፍታ ሞተር የሚጎተቱ ሁለት አሮጌ ፉርጎዎች ናቸው። ጠዋት ከጀውሃ ተነሥተው ሸዋ ሮቢት ይገባሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። መሐል ላይ አንድ ማቆሚያ አለ። አንድ ግዙፍ ሾላ፣ አንድ የተሰበረ አግዳሚ ወንበር፣ ዙሪያውን የሽንኩርትና የማሾ እርሻ። ጣቢያ ቤት የለውም። ስሙም ሾላው ነው።

ከመሻገሪያው ወደ ፉርጎው በር ያዛወሩኝ ጋሽ ዑመር ናቸው። ጋሽ ዑመር በእናታቸው የይፋት ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ በድሮው ባቡር ላይ ጨርሰው ጡረታ ወጥተው ሲያበቁ፣ አዲሶቹን ሠራተኞች እንዲያሠለጥኑ ተጠርተው መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ነጭ መሐረብ የሚይዙ ሰው ነበሩ። መሻገሪያው ላይ ደብተሬን ይዤ ሲያገኙኝ «ምን ትጽፋለህ?» አሉኝ። «ያየሁትን» አልኳቸው። «የሚያይ ሰው ነው የጠፋብኝ» ብለው በማግሥቱ ወሰዱኝ።

ሥራ ሲያስተምሩ ብዙ አያወሩም። ጠዋት ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ትንሽ መዶሻ ይዘው እያንዳንዱን መንኰራኩር መታ እያደረጉ ያልፋሉ። ጤነኛው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ድምፁም ቆይቶ ይጠፋል። ሕመም ያለበት ድምፁ አጭር ነው። እኔ ልዩነቱን ለመስማት ብዙ ወር ፈጀብኝ። እርሳቸው ግን ባጃጅ እየጮኸ፣ ሰው እየተጯጯኸ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው «ይቺ ትናንት እንዲህ አላለችም» ይላሉ። ሁለት ጊዜ እንዲህ ብለው ባቡሩን አስቀሩ። ሁለቱንም ጊዜ መካኒኩ ከብረቱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አገኘ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ አፌን ከፍቼ ነበር።

መሐረቡ ደግሞ ላብ መጥረጊያ አልነበረም። በየሳምንቱ የፉርጎውን የውስጥ ግድግዳ በእርሱ ይጠርጋሉ። አንድ ቀን «ምን እየፈለጉ ነው?» አልኳቸው።

«እጅ» አሉኝ። «እየው፣ ይህ ጥቁር ቅባት የሰው እጅ ነው። እዚህ ጋ መያዣ የለም፤ ሰው ግን ግድግዳውን ይይዛል። ለምን መሰለህ?»

አላወቅሁም። በማግሥቱ በሩ አጠገብ አቁመው አሳዩኝ። አንድ ሽማግሌ ሲገባ ፉርጎው ሙሉ «ኖር!» ብሎ ይነሣል። በዚያው ቅጽበት ባቡሩ ይንቀሳቀሳል። የተነሣው ሁሉ ይንገዳገድና ግድግዳውን ይደገፋል። ጋሽ ዑመር «ሰውን አትነሣ ብዬ ማስተማር አልችልም፤ አልፈልግምም» አሉ። «ብረቱን ግን ማስተማር እችላለሁ።» መሐረባቸው የጠቆረበት ቦታ ሁሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ፤ በየምልክቱ ላይ መያዣ ተበየደ። ከዚያ ወዲያ ፉርጎው ውስጥ ሰው ሲወድቅ አላየሁም። የሰው ክብር ግድግዳ ላይ አሻራ ትቶ አንድ ሰው በመሐረብ ሲያነበው ነው ያየሁት። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ምንም መጻፍ አልቻልኩም። ከዚያ የሚበልጥ ግጥም አላውቅማ።

ለበር ሥራ የሰጡኝ ትእዛዝ ግን አንድ ብቻ ነበር። «ፊት አትይ፤ እግር እይ። ፊት ‹ገባሁ› ሲልህ እግር ገና ነው። መወጣጫው ላይም መሬት ላይም አንድም እግር ሳይቀር ባንዲራ አታንሣ።» እርሳቸው ራሳቸው በሁለተኛው ፉርጎ በር ላይ ሆነው፣ ጎንበስ ብለው፣ በፉርጎዎቹ ሥር ሰው እስከ ጉልበቱ ድረስ ብቻ ነው የሚያዩት። አንድ እጃቸው የፍሬኑ ገመድ ላይ ነው። ባቡሩ ፍጥነት እስኪይዝ አይለቁትም።

እኔ ደግሞ ፊት እወዳለሁ። ገጣሚ ነኝ።

ችግሩ ሾላው ላይ ነበር። የሸዋ ሮቢት ጣቢያ ኃላፊ አቶ ግርማ የደብረ ሲና ሰው ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ኮት አያወልቁም። ስንደርስ የእጅ ሰዓታቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁናል።

«ዛሬም ሦስት ደቂቃ?»

«ሽማግሌዎች ነበሩ» እላለሁ።

«ሽማግሌ የሌለበት ቀን አለ?»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ሐዲዱ አንድ ነው። ከታች ድንጋይና ሲሚንቶ የጫነ የዕቃ ባቡር ይመጣል፤ ሁለቱ የሚተላለፉት ሸዋ ሮቢት ጣቢያ ውስጥ ብቻ ነው። እኛ ስንዘገይ እርሱ በጠራራ ፀሐይ ቆሞ ይጠብቃል። «ጥበቃ የሰለቸው ሰው አንድ ቀን ይሳሳታል፤ በአንድ ሐዲድ ላይ ደግሞ ስሕተት አንድ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ፊሽካ እንድነፋ አዘዙኝ፤ ብነፋ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ እትዬ ዘሀራ «ከብት ነን እንዴ የምታፏጭብን?» ብላ ሰልፉን ሁሉ አስኮረፈችብኝ። ‹ቶሎ ይግቡ› የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ለጠፍን። ሰዎቹ «እዩት፣ ቶሎ ይግቡ ይላል፤ በሉ እርስዎ ይግቡ» እየተባባሉ ጽሑፉንም ለመከባበሪያ ተጠቀሙበት።

አቶ ግርማ በመጨረሻ ቁርጡን ነገሩን። እስከ መስቀል ካልተስተካከለ ሾላው ይሰረዛል፤ ባቡሩ ሳይቆም ያልፋል።

ይህ ማለት ለእትዬ ዘሀራ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እትዬ ዘሀራ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ባሏ የሞተው አስፋልቱ ላይ፣ በአይሱዙ ጭነት አናት ተቀምጦ ገበያ ሲሄድ ወድቆ ነው። ከሾላው ሰፈር ወደ ገበያ የሚያደርስ ሌላ መንገድ እርሱ ብቻ ነበር። ባቡሩ የመጣ ቀን ወለሉን በመዳፏ ዳስሳ «ይህ አይጥልም» እንዳለች ይወራል።

እንግዲህ እኔ ያን ጠዋት ባንዲራውን ያነሣሁት ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው። ሙሉው እውነት ግን ይህ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲገፋፉ ሳይ፣ ‹ባቡር ያስቆማል ወይ የሁለት ሰው ክብር› የሚል መስመር መጣልኝ። ለ‹ክብር› ቤት የሚመታ ቃል እየፈለግሁ ፊታቸውን እያየሁ ነበር። እግራቸውን አላየሁም።

ፉርጎው ነቅነቅ አለ። ሼህ አወል ገብተዋል። ጋሽ ወልዴ የበሩን ብረት እንደያዙ ከባቡሩ ጋር መሬት ላይ መራመድ ጀመሩ። ሼህ አወል ዞር ሲሉ ወዳጃቸው ውጭ ቀርቷል። ለአርባ ዓመት ሲያደርጉት የኖሩትን አደረጉ። ሊያስቀድሟቸው ተመልሰው ወረዱ። መወጣጫው ግን ትተውት የሄዱበት ቦታ አልነበረም።

ጩኸቱ ሳይሰማ ባቡሩ ቆሟል። ጋሽ ዑመር በፉርጎዎቹ ሥር አንድ ጥንድ እግር ከመሬት ሲራመድ፣ አንድ ሌላ እግር ከላይ ሲወርድ አይተው ገመዱን ስበውታል። ባቡሩ የሄደው ሁለት ክንድ ያህል ነው። ሁለት ክንድ ግን ለአንድ አጥንት በቂ ነው። ለ‹ክብር› ቤት የሚመታው ቃል ያን ጊዜ መጣልኝ። ‹እግር› ነበር። ግጥሙን አልጨረስኩትም።

ሼህ አወል ጠጠሩ ላይ ወድቀው፣ ላባቸው እየወረደ፣ መጀመሪያ የተናገሩት «ወልዴ ደኅና ነው?» የሚል ነው።

የአደጋ ቅጹ ላይ ‹ምክንያት› የሚል አንዲት ጠባብ መስመር አለች። ብዙ ጻፍኩና ብዙ ሰረዝኩ። ጋሽ ዑመር ከኋላዬ ቆመው «‹ፊት አየሁ› ብለህ ጻፍ» አሉኝ። እንደዚያው ጻፍኩ፤ ግጥም ስፈልግ እንደነበርም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ሆስፒታል ይዘውኝ ሄዱ። ሼህ አወል እግራቸው በጄሶ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ጋሽ ወልዴ አልጋው ግርጌ ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው! ቶሎ ብገባ ኖሮ!»

«ኧረ የኔ ነው፤ ማን ውረድ አለኝ?»

«በፍጹም! የኔ ነው አልኩዎ!»

«ወላሂ አልሰጥዎትም!»

ጥፋቱንም እንደ በሩ ይገፋፉበታል። አልጋ ጎረቤቱ ያለው ታማሚ ትራሱን አፉ ላይ አድርጎ ይስቃል። ሼህ አወል ወደ እኔ ዞሩ።

«ገጣሚው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ሼህ።»

«ግጥምህን ጨረስከው?»

መሬት ባፏ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አፍ ቀላል ነው። ይቅርታውን በአፌ አልሰጥህም» አሉ። «ይህ እግር ይነሣና፣ በእግሬ እሰጥሃለሁ።» ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ልጠይቅም አልደፈርኩም።

ጋሽ ዑመር ወንበር ስበው ተቀመጡ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ተራራ ጠቁሮ ዘንቦበታል፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው። ቆላ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ጆሮውን ያቆማል። ዝናቡ ደጋ ይወርዳል፤ ጎርፉ ግን በጠራ ሰማይ ሥር እኛ ዘንድ ይደርሳል። ሆስፒታሉ ድረስ የሮቢ ወንዝ ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር።

«ሼህ አወል» አሉ ጋሽ ዑመር፣ «ሮቢ ሲሞላ ማን ይቀድማል?»

«እንዴት ማን ይቀድማል?»

«እርስዎና ጋሽ ወልዴ ወንዙ ዳር ደረሳችሁ እንበል። ‹ይቅደሙ፣ ይቅደሙ› ትባባላላችሁ?»

ሁለቱም ደነገጡ። ጋሽ ወልዴ ዕንባቸውን ጠረጉ። «በጎርፍማ ይቅደሙ ይባላል እንዴ? ስድብ ነው! ‹ቀድመህ ሙት› ማለት ነው።»

«ታዲያ ማን ይቀድማል?»

«የጠነከረው ነዋ» አሉ ሼህ አወል። «ጠንካራው ገብቶ ይሞክረዋል። ጠጠሩ ላይ እግሩ ሲጸናለት ዞሮ ለደካማው እጁን ይሰጣል።»

«ሽማግሌው ኋላ ቀረሁ ብሎ አይቀየምም?»

«በውሃ ኋላ መቅረት ነው ክብሩ።»

ጋሽ ዑመር መሐረባቸውን እያጠፉ «የባቡሩ በር» አሉ፣ «ቤት ነው ወይስ ወንዝ?»

የሳቀው ታማሚ እንኳ ትራሱን አወረደ። ሼህ አወል ጄሶውን ያያሉ። በሩም እንደ ወንዙ ነው፤ መሬቱ ይሄዳል፤ ከሥር ይስባል፤ የተሳሳተ እግር አይመልስም።

«ያ አላህ! ወልዴ» አሉ በመጨረሻ። «እስከ ዛሬ ቤት አድርገነው ኖረናል።»

ያን ቅጽበት እንዴት ብዬ ልጻፈው? ፊሽካና ሰዓትና ማስታወቂያ ወር ሙሉ የታገሉት ነገር፣ ለልማዱ ሌላ ልማድ ሲያገኙለት ባንዴ ተፈታ። ማንም ክብሩን አላጣም። ክብሩ ቦታ ብቻ ቀየረ።

ሼህ አወል በልጃቸው በኩል ወደ መስጊድ ላኩ፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተነገረ። ጋሽ ወልዴ በእድራቸው ተናገሩ። እኔ ደግሞ በማግሥቱ ሾላው ላይ ባቡሩ ሲቆም፣ ፊሽካውን ኪሴ ከትቼ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ወንዝ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

መጀመሪያ ሳቁብኝ። እትዬ ዘሀራ ቀሚሷን በሁለት እጇ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አድርጋ «ኧረ ምነው ሲሳይ፣ ዋና አልችልም!» አለች። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ፤ አምስት ደቂቃ ቆምን። በሁለተኛው ቀን ግን የሽንኩርት ለቃሚዎቹ ጎረምሶች ዘለው ገቡ፤ ዞረውም እጃቸውን ዘረጉ። አንዲት አሮጊት ያን እጅ ይዛ እንደ ላባ ስትነሣ አየሁ። ከዚያ በፊት በገዛ ጉልበቷ እያቃሰተች ነበር የምትወጣው። ጋሽ ዑመር ከሁለተኛው ፉርጎ ብቅ ብለው «አየህ? መወጣጫው ከፍ ያለ እንደሆነ ማንም አልነገረን ነበር። ሲከባበሩ ለካ መፍራታቸውንም ይደብቁ ነበር» አሉኝ። ከሾላው ሥር ጠጠር ሞልተን መሬቱን በአንድ ስንዝር ከፍ ያደረግነው በዚያች አሮጊት ምክንያት ነው።

ሁልጊዜ አልሠራም። አንድ ቀን ከደጋ ለለቅሶ የወረዱ ሰዎች ተሳፈሩ፤ ወንዙን አያውቁትምና በሩ ላይ ሰባት ደቂቃ ተሟገቱ። አቶ ግርማ ሰዓታቸውን ዘርግተው አሳዩኝና ወደ ቢሯቸው ገቡ። መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶ ነበር።

ቁርጡ የሚታወቅበት ቀን አቶ ግርማ ራሳቸው ከእኛ ጋር ሾላው ወረዱ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ሰዓታቸውን በመዳፋቸው ይዘው በሩ አጠገብ ቆሙ። ባቡሩ ቆመ። «ወንዝ ነው!» አልኩ። ጎረምሶቹ ገቡ፤ እጆች ተዘረጉ፤ ጆንያዎች ተቀባበሉ። እትዬ ዘሀራ ገባች። መሬት ላይ የቀሩ እግሮችን እቆጥራለሁ፤ ስድስት፣ አራት።

ያን ጊዜ ከሾላው ሥር የምርኩዝ ድምፅ መጣ። ሼህ አወል ነበሩ። ከወደቁ ወዲህ ወደ ባቡሩ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ጋሽ ወልዴ ከኋላ፣ እንዳይነኳቸው እየተጠነቀቁ፣ እጃቸውን ግን በአየር ላይ ዘርግተው ይከተላሉ። ፉርጎው ሙሉ በመስኮት ያያል።

ሼህ አወል በሩ ጋ ሲደርሱ አቶ ግርማ ለምን እንደመጡ ረሱ። ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው፣ ጎንበስ አሉና «ይቅደሙ አባቴ!» አሉ።

«ወንዝ ነው!» አለ ፉርጎው በአንድ ድምፅ። እትዬ ዘሀራ በመስኮት ወጥታ ልትወድቅ ነበር። «ወንዝ ነው አቶ ግርማ! ስድብ ነው!»

አቶ ግርማ ቀሉ። ሼህ አወል ምርኩዛቸውን ተደግፈው በትዕግሥት ቆመዋል። «ጠንካራው አንቱ ነዎት» አሏቸው። «ይግቡ፤ እጅዎን እፈልገዋለሁ።»

አቶ ግርማ ዘለው ወጡ። ዞሩ። እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ሰዓቱ በመዳፋቸው ነው። አንድ አፍታ አዩት። ኪሳቸው ከተቱትና ባዶ እጃቸውን ዘረጉ። ሼህ አወል ያዙት። ምርኩዙ ገባ፤ ጤነኛው እግር ገባ፤ የተሰበረው እግር ገባ። ቀጥሎ ጋሽ ወልዴ በሼህ አወል እጅ ተስበው ገቡ። መሬት ላይ ጠጠር ብቻ ቀረ። ጋሽ ዑመር ከሁለተኛው ፉርጎ በር ጎንበስ እንዳሉ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ባንዲራውን አነሣሁ።

ባቡሩ ፍጥነት ሲይዝ «ስንት ደቂቃ ሆነ?» ብዬ አቶ ግርማን ጠየቅኋቸው።

«አላየሁም» አሉ፤ በመስኮት ወደ ማሾው እርሻ እያዩ። «ሁሉም ገባ አይደል?»

ሾላው አልተሰረዘም።

ጋሽ ዑመር በዓመቱ ለሁለተኛ ጊዜ ጡረታ ወጡ። መዶሻዋን ለመካኒኩ፣ መሐረቡን ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ አዲሶቹ ፉርጎዎች መጡ። መወጣጫቸው ዝቅ ያለ ነው፤ በራቸው በራሱ ይከፈታል፤ እግር ሲነካውም ይመለሳል። ጥሩ በር ነው። እኔ ያንን ለመማር የሰው እግር አስከፍያለሁ። ሰዎቹ ግን ዛሬም ሾላው ላይ ጠንካራው ቀድሞ ይገባና ዞሮ እጁን ይዘረጋል። ይህን የሚያየው አዲሱ የባቡር ሾፌር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ልማድ ይመስለዋል።

የመጨረሻ ቀኔ ባንዲራዬን፣ ፊሽካዬንና የበሩን ቁልፍ ላስረክብ አቶ ግርማ ቢሮ ገባሁ። ፈርም የተባልኩት ላይ ፈረምኩ። ሼህ አወል ጥግ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የአዲሱን ባቡር የጉዞ ካርድ ይጠብቃሉ። ሰላም ብያቸው ወደ በሩ ስዞር ምርኩዛቸው ወለሉን ሲመታ ሰማሁ።

«ኖር!» አሉ፤ ተነሡ።

ፉርጎው ሙሉ ለእርሳቸው ሲለው የኖረውን፣ ለእኔ። ደነገጥኩ። «ሼህ አወል ይቀመጡ! እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቄሃለሁ።» አንካሳ እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው በሩን ከፈቱልኝ። «ውጣ።»

«በፍጹም! በሩን እኔ ልያዝ፣ አፈር ስሆን!»

«ይህ ወንዝ ነው?»

«አይደለም።»

«ምንድን ነው?»

«ቤት ነው።»

«በቤት በር የሚያዘው ለማን ነው?»

አቶ ግርማ ከወረቀታቸው ቀና አላሉም፤ ብዕራቸው ግን ቆሟል።

«በእግሬ እሰጥሃለሁ አላልኩህም?» አሉ ሼህ አወል። «በል እንግዲህ ቶሎ በል፤ ይህ እግር ብዙ አይቆምም።»

ፊታቸውን አላየሁም። እግራቸውን አየሁ። ሁለት እግርና አንድ ምርኩዝ፣ ሦስቱም ከበሩ ደፍ ወዲህ ጸንተው ቆመዋል። ወጣሁ። ከኋላዬ በሩ ተዘጋ።